የኩሬ ውኃ በየወራቱ ስለ መለዋወጡና በዚያ ስላለው የሰው ዕዳ

በደጋውም በወይና ደጋውም ወንዝና ምንጭ የራቀው ሕዝብ የዝናብ ውኃ በኩሬ አቍሮ ይኖራል። ከዚያው ኩሬ ሰው ይቀዳል፥ ከብት ይጠጣል፥ ልብስ ይታጠባል፤ በአንዳንዱም አጥቢያ በጥምቀት በዓል ታቦቱ የሚወርደው ወደዚያው ነው። ይህም ውኃ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሆኖ አይቈይም። በሐምሌ ይደፈርሳል፤ በጥቅምት ይጠራል፤ በሚያዝያ ጐድሎ አረንጓዴ ይለብሳል፥ ይሸታልም። መልኩ በተለወጠ ቍጥር የጠጪው ጤና አብሮ ይለወጣል፤ ሕፃናትም በተቅማጥ ይያዛሉ፥ ከነርሱም የማይነሣ አለ። ምክንያቱ ምንድን ነው ተብሎ የመንደሩ ሰው ሲጠየቅ «ወራቱ ነው» ብሎ ይመልሳል።

ይህ መልስ ሐሰት አይደለም። ወራት የፈጣሪ ሥርዓት ነው፤ ዝናብ በጊዜው ይወርዳል፥ ፀሐይም በጊዜዋ ታደርቃለች። ዳሩ ግን «ወራቱ ነው» ብሎ ዝም ያለ ሰው አንድ ነገር ሳይመረምር አልፏል፤ ይኸውም ወራቱ ወደ ኩሬው ያወረደውን ነገር በመጀመሪያ በዳገቱ ላይ ያኖረው ማን ነው የሚለውን ነው። ነገሩ የሕሊና ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

እንበልና አንድ ገበሬ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ወደ ነፍስ አባቱ መጥቶ እንዲህ ይላል፦ «አባቴ፥ የከብቶቼ በረት ከኩሬው በላይ ነው። ዝናቡ የበረቱን አዛባ እያጠበ ወደ ኩሬው አወረደው። ከታች ያለው የጎረቤቴ ልጅ በተቅማጥ ታሞ ሞተ። እኔ ልጁን በእጄ አልነካሁትም፤ ክፉም አላሰብሁበትም፤ ያወረደውም ዝናቡ ነው። ኃጢአት አለብኝን?» ካህኑ ምን ይመልስለት?

ሁለት ቀላል መልሶች አሉ፤ ሁለቱም አይበቁም። «ልጄ፥ ያወረደው ዝናቡ ነው፤ አንተ ምን አደረግህ» ቢለው ሰውየው ልቡ ዐርፎ ይሄዳል፤ በረቱ ግን ካለበት አይነቃነቅም፥ በሚመጣውም ክረምት ሌላ ልጅ ይታመማል። «ነፍስ ገድለሃል» ቢለው ደግሞ ያለ ማስረጃ ፈርዶበታል፤ ሕፃኑን የገደለው ከዚያ በረት የወረደው መሆኑን ማን ያውቃል? በዚያ ዳገት ላይ ስንት በረት አለ! እንግዲህ ካህኑ እውነተኛ መልስ እንዲሰጥ አስቀድሞ የውኃውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወደ ፍርዱ ከመግባታችን በፊት ኩሬው በዓመት ውስጥ የሚሆነውን ነገር በዝርዝር እንመልከት።

በቤተ ክርስቲያናችን አከፋፈል ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ እስከ መስከረም 25 ቀን ይቈያል። ከዝናቡ ጊዜ ሁሉ ለኩሬው የሚከፋው የክረምቱ መካከል አይደለም፤ የመጀመሪያው ጐርፍ ነው። ለምን ቢባል፥ ወራት ሙሉ ዝናብ ያልነካው ምድር በላዩ ብዙ ነገር ሰብስቦ ይቈያል። የከብቱ እበት፥ የውሻው ኵስ፥ በየቍጥቋጦው ሥር የተጣለው የሰው ዓይነ ምድር፥ የቤቱ ጥራጊ ሁሉ ደርቆ ይቀመጣል። ያን ጊዜ የሚጥለው ኀይለኛ ዝናብ የወራቱን ክምችት በአንድ ቀን ጠርጎ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ያወርደዋል፤ ዝቅተኛውም ስፍራ ኩሬው ነው። በልግ በሚዘንብበት አገር ይህ ነገር ቀደም ብሎ ይሆናል። ሰው ደግሞ ሲጐድልበት የከረመው ውኃ መጣ ብሎ ደስ እያለው እንስራውን ይዞ የሚወርደው በዚያው ሳምንት ነው።

ቀጥሎ የሚዘንበው ዝናብ ቀድሞ የታጠበ ምድር ስለሚያገኝ ቈሻሻው ይቀንሳል፤ ነገር ግን አፈሩ ይመጣል። ዳገቱ ዛፍና ሣር የለበሰ እንደ ሆነ ውኃው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ የተራቈተና የታረሰ እንደ ሆነ ግን ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ይህም ድፍርስነት የመልክ ጕዳይ ብቻ አይደለም። በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን በአፈሩ ቅንጣት ተጠግተው ከፀሐይ ብርሃን ይሸሸጋሉ፤ ክሎሪን የሚባለው የውኃ መድኃኒትም ቢጨመር ኀይሉን በጭቃው ላይ ይጨርሳል። ስለዚህ የክረምቱን ውኃ አስቀድሞ ማስረጋትና በወፍራም ጨርቅ ማጥለል፥ ከዚያ በኋላ ማፍላት ወይም መድኃኒት መጨመር ይገባል።

መስከረም 26 ቀን ዘመነ መጸው ይገባል። ጐርፉ ይቆማል፤ ደለሉ ይዘቅጣል፤ ብርሃን ወደ ውኃው ዘልቆ ይገባል፤ ኩሬውም ሰማይን እስኪያሳይ ድረስ ይጠራል። ሕዝቡ «ውኃችን ዳነ» የሚለው ያን ጊዜ ነው። እኔ ግን ከወራቱ ሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያታልለው ይህ ይመስለኛል። ድፍርሱን ውኃ ሰው ይጠራጠረዋል፤ አስረግቶም አጥልሎም ይጠጣዋል፤ የጠራውን ግን ማንም አይጠራጠረውም። ዓይን መልክን ያያል እንጂ ተሕዋስያንን አያይም። ይልቁንም ሙቀት ባለበት አገር ጐርፉ ጠርጎ ወስዷቸው የነበሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውኃው ሲረጋ ተመልሰው ይራባሉ። ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ የሚተላለፈው በነርሱ አማካይነት ነው። የታመመ ሰው በውኃው አጠገብ ሲጸዳዳ የትሉ ዕንቍላል ወደ ውኃው ይገባል፤ ተፈልፍሎም በቀንድ አውጣው ሰውነት ውስጥ ይበዛል፤ ከዚያም ወጥቶ በውኃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በዚህ በሽታ ለመያዝ ውኃውን መጠጣት እንኳ አያስፈልግም፤ እግርን መንከር ይበቃል። ልጆችም የሚዋኙት ውኃው ሲጠራና ፀሐይ ሲሞቅ ነው።

የጠራው ውኃ እንደ ጠራ አይቀርም። ከበረትና ከማሳ ታጥቦ የገባው ፍግ በመሬት ላይ እህልን እንደሚያፋፋ ሁሉ በኩሬም ውስጥ የውኃ ሽበት ያፋፋል። ይህ ሽበት በቀን ለውኃው ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን መልሶ ይወስዳል፤ እጅግ የበዛ እንደ ሆነም ሊነጋ ሲል ለሌላው ፍጥረት የሚተርፍ አይኖርም። ዓሣ ባለበት ኩሬ፥ ለኪዳን የሚገሠግሥ ካህን ጎሕ ሲቀድ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲያለከልኩ ሊያይ ይችላል፤ በቀትር የመጣ ሰው ግን ምንም አያይም።

ዘመነ ሐጋይ ታኅሣሥ 26 ቀን ሲገባ ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ብርድ ነው። ይህ ብርድ በኩሬ ላይ የሚያደርሰው ነገር ጥቂት ነው፤ በጥልቅ ሐይቅ ላይ ግን ትልቅ ነገር ያደርጋል። በቢሾፍቱ ዙሪያ ያሉት እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ሐይቆች በሞቃቱ ወራት ላይኛው ውኃ ሞቆና ቀልሎ ከላይ፥ ታችኛው ቀዝቅዞና ከብዶ ከታች ሆነው ሳይቀላቀሉ ይኖራሉ፤ በታች ያለውም ኦክስጅን አልቆበት ይቀመጣል። ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ በሚበርድበት ወራት ላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ወደ ታች ይሰጥማል፥ የታችኛውም ይወጣል፤ በዚህም ጊዜ ዓሦች ታፍነው ሊሞቱ ይችላሉ። ይህን ያደረገ ሰው የለም። ምሳሌውን ያመጣሁትም በውኃ የሚደርሰው ጕዳት ሁሉ የሰው ጥፋት እንዳይመስለን ነው። ወራት የራሱ ሥራ አለው፤ ለዚያ ንስሐ የሚገባ አይኖርም።

ከመጋቢት 26 ቀን ጀምሮ ግን ነገሩ ይከብዳል። ፀሐይዋ ውኃውን ታተንነዋለች፤ የምትወስደውም ንጹሑን ውኃ ብቻ ነው፤ ጨዉን፥ ፍጉንና ቈሻሻውን ለኩሬው ትታለት ትሄዳለች። በመቶ እንስራ ውኃ ውስጥ ተበትኖ የነበረው ነገር በዐሥር እንስራ ውስጥ ይቀራል። ዳሩ ስለሚርቅ ከብቱ ጭቃውን ረግጦ ወደ መካከል ይገባል፤ እየጠጣም እበቱንና ሽንቱን በዚያው ይጥላል። በዚህ ጊዜ ከሚበዛው የውኃ ሽበት ወገን፥ መልኩ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፥ መርዝ የሚያወጣ ዓይነት አለ፤ በቆቃ ሐይቅም በብዛት ይታያል። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ይህን መርዝ አያጠፋም። ስለዚህ «አፍልተን እንጠጣለን» የሚለው መልካም ልማድ እንኳ በዚህ ውኃ ላይ አይበቃም።

እንግዲህ ኩሬው ዓመቱን በዚህ ዓይነት ይዞራል። ማውረድ የዝናቡ ሥራ ነው፤ ማተነንና ማሞቅ የፀሐይ ሥራ ነው፤ ማስረጋት የጸጥታው ወራት ሥራ ነው። ዳሩ ግን ዝናቡ የሚያወርደው ያገኘውን ነው። ንጹሕ ሣር ካገኘ ንጹሕ ውኃ ያወርዳል፤ አዛባ ካገኘ አዛባ ያወርዳል። ወራት ተሸካሚ ነው እንጂ ዕቃውን የሚጭን አይደለም።

ወደ ገበሬው ጥያቄ እንመለስ። በኦሪት ሕግ አንድ ሰው ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድነው ቢተው፥ የሌላ ሰው በሬ ወይም አህያ ገብቶ ቢሞትበት፥ የጕድጓዱ ባለቤት ዋጋውን እንዲከፍል ታዝዟል። ልብ እንበል፤ ሰውየው በሬውን ገፍቶ አልጣለውም፤ በሬው በገዛ እግሩ ሄዶ ነው የገባው። ቍፋሮውም በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ለውኃ ብሎ ቈፍሮት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሕጉ «በሬው ራሱ ሄደ» የሚለውን ምክንያት አልተቀበለም። ነፍሰ ገዳይ ግን አላለውም፤ የሞት ፍርድም አልፈረደበትም፤ ባለ ዕዳ አለው። እኔ በዚህ ሕግ ውስጥ የማየው ትልቅ ጥበብ በኃጢአተኛና በንጹሕ መካከል ሦስተኛ ስም መኖሩን ማሳየቱ ነው። ክፉ ሳያስብ፥ ነገር ግን መክደን ሲገባው ሳይከድን፥ በባልንጀራው ላይ ጕዳት ያደረሰ ሰው ባለ ዕዳ ነው። በረቱን ከኩሬ በላይ የሠራው ገበሬም ጕድጓዱን እንዳልከደነው ሰው ነው፤ ዝናቡም በገዛ እግሩ እንደ ሄደው በሬ ነው።

አንድ ሰው ግን፦ «ጕድጓድ ገደል መሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ አዛባ በሽታ መሆኑን ግን ገበሬው አያውቅም ነበር» ይል ይሆናል። ይህ እውነተኛ ተቃውሞ ነው፤ በችኰላ ሊታለፍ አይገባውም። ዕውቀት ዕዳን እንዴት እንደሚለውጠው የሚያሳይ አንድ የኩሬ በሽታ ስላለ በእርሱ ላይ ትንሽ እንቈይ።

በአገራችን በጋምቤላ የሚታወቀው የጊኒ ዎርም በሽታ የሚመጣው ከኩሬና ከመሰለው የቆመ ውኃ ነው። በዚያ ውኃ ውስጥ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ትንንሽ የውኃ ነፍሳት አሉ፤ የትሉን እጭ የዋጡትን ነፍሳት ሰው ከውኃው ጋር ይጠጣቸዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ምንም ሳይሰማው ይኖራል። ዓመቱ ሲሞላ ትሉ፥ ብዙ ጊዜ ከእግር፥ ቆዳን ቀዶ መውጣት ይጀምራል፤ ሥቃዩም እንደ እሳት ያቃጥላል። የሚቃጠል እግር ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ወደ ኩሬው ሄዶ እግሩን ይነክራል፤ ይቀዘቅዝለታልም። በዚያው ቅጽበት ትሉ እጮቹን ወደ ውኃው ይበትናል፤ የመንደሩም ሰው ያንን ይጠጣል፤ በሚመጣው ዓመት በተራው ይታመማል። ለዚህ በሽታ ክትባትም ፈዋሽ መድኃኒትም የለም።

አሁን ፍርዱን እንመርምር። እግሩን የነከረው ሰው ሥቃዩን ሊያስታግሥ ነው እንጂ ማንንም ሊጐዳ አልወረደም። ጕዳቱ የሚታየው ከዓመት በኋላ ነው፤ የሚደርሰውም ፊቱን በማያየው ሰው ላይ ነው። ይህን ሰው ማን ይኰንነዋል? ማንም። በሽታው ከየት እንደሚመጣ ከተነገረው በኋላ ግን ያው እግር፥ ያው ኩሬ፥ ያው ሥቃይ እያለ ሥራው ሌላ ሆነ። ሥቃዩ አልቀነሰም፤ ዕውቀቱ ግን ተጨመረ፤ ከዕውቀቱም ጋር ዕዳው መጣ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. በዓለም ሦስት ሚሊዮን ተኩል የሚያህል ሰው በዚህ በሽታ ይያዝ እንደ ነበረ ይገመታል፤ በ2023 ግን 14 ሰው ብቻ ተያዘ። ይህን ያህል ለውጥ የመጣው ውኃን በጨርቅ በማጥለል፥ ውኃውን በመድኃኒት በማከም፥ ከሁሉም ይልቅ የታመመው ሰው እግሩ እየተቃጠለ ወደ ኩሬው ባለመግባቱ ነው። ስማቸውን የማናውቃቸው ብዙ ሕሙማን ለማያውቁት ሰው ሲሉ በኩሬው ዳር ሥቃያቸውን ታግሠው ተቀምጠዋል። ትዕግሥት የሚባለውን ነገር ለማስተማር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ከዚህ በመነሣት ካህኑ ለገበሬው ሊሰጠው የሚችለው መልስ ይህ ይመስለኛል። «ልጄ፥ ነፍሰ ገዳይ አይደለህም፤ ሳታውቅ ስላለፈውም ራስህን አታሠቃይ። ዛሬ ግን አውቀሃል። በረቱን ካላነሣህ የሚመጣው ክረምት ያለፈውን አይመስልልህም።» የሚሰጠውም ቀኖና ስግደትና ጾም ብቻ ባይሆን መልካም ነው፤ በረቱን ከኩሬው በታች ማውረድን፥ ያም ባይቻል በበረቱ ዙሪያ ቦይ ቈፍሮ የጐርፉን መንገድ ማስለወጥን ቢጨምርበት፥ ገበሬው የንስሐውን ፍሬ በዓይኑ ያየዋል። የሞተውንም ሕፃን አባት ሄዶ ማጽናናቱ አይቅር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ገበሬው እንዲህ ብሎ ይመልሳል፦ «አባቴ፥ እኔ ያሉኝ ሦስት ከብቶች ናቸው። በዚያ ዳገት ላይ መቶ አባወራ አለ። የኔን በረት ባነሣ ውኃው ይጠራልን?» እውነቱን ለመናገር አይጠራም። ብዙ መልካም ሥራ የሚቀረው ሰው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ የእርሱ ድርሻ ስለማትታይ ነው። የመቶው ቤት እያንዳንዱ «የኔ ምን አላት» ሲል ኩሬው በመቶ «ምን አላት» ይሞላል። በጣና ሐይቅ ላይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የታየውን እምቦጭ የሚባለውን አረም ከሚያፋፉት ነገሮች አንዱ ከየማሳው እየታጠበ የሚወርደው ፍግና ማዳበሪያ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ማሳ ግን የትኛው ጥማድ አረሙን እንዳበቀለ ማንም ሊያሳይ አይችልም። እንዲህ ያለው ዕዳ የአንድ ሰው ንስሐ ብቻውን የማይከፍለው የማኅበር ዕዳ ነው። ስለዚህ ነፍስ አባት በግል የሰማውን ምሥጢር ሳይገልጥ፥ ነገሩን በአጠቃላይ በዐውደ ምሕረት ሊያስተምርበት ይገባል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በክፉዎች እረኞችና በሰቡት በጎች ላይ በተናገረው ትንቢት፥ የጠራውን ውኃ ራሳቸው ከጠጡ በኋላ የቀረውን በእግራቸው አደፍርሰው ለደካሞቹ የሚተዉትን ወቅሷል። ወቀሳው የተነገረው ለብዙዎች በአንድነት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ያደፈረሰው የአንዲት በግ እግር አልነበረምና።

ድርሻችን የማትታይ መሆኗ ለበጎም ጭምር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲመረምሩ፥ ሰዎች ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ስፍራ ይልቅ በዝተው አገኙ። ሰዎቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። በኋላም የእንዶድ ፍሬ በሽታውን የሚያሸጋግሩትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል በምርምር ተረጋገጠ፤ ዶክተር አክሊሉም በ1989 ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከሚባሉት ባልደረባቸው ጋር ለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እነዚያ ልብስ አጣቢዎች ነጠላና ቀሚስ ሊያነጡ ወንዝ ወረዱ እንጂ ከበታቻቸው ለሚዋኘው ልጅ ደኅንነትን እየላኩ መሆናቸውን አላወቁም። (ይህን አንብቦ ወደ ኩሬው እንዶድ ለመጨመር የሚቸኵል ቢኖር፥ እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ያለ ባለሙያ ምክር አይሞክረው።) ከእጃችን የሚወጣው ነገር ወደ ታች ይሄዳል፤ እኛ ግን የምናየው እጃችንን ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ከአንዳንድ ምእመናን የሚሰማውን አንድ አሳብ ሳልመልስለት ማለፍ አልወድም። «ኩሬው በጥምቀት የተባረከ ነው፤ ታቦት የወረደበትን ውኃ ቈሻሻ ብሎ መጠራጠርና ማጥለል የእምነት ጕድለት ነው» የሚሉ አሉ። አባቶቻችን ግን እንዲህ አላደረጉም። በጎንደር የዐፄ ፋሲለደስ የተባለው ጥምቀተ ባሕር የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ይቈያል፤ ለበዓሉ ከቀሃ ወንዝ በሚሳብ አዲስ ውኃ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ይባረካል። የቈየውን ውኃ ባርኮ ማለፍ የሚቻል ሆኖ ሳለ በየዓመቱ ይህን ያህል ድካም የሚደከመው ለምንድን ነው? ቡራኬ የሰውን ትጋት የሚተካ አይደለምና ነው። ነቢዩ ኤልሳዕም የኢያሪኮን ክፉ ውኃ በፈወሰ ጊዜ ጨዉን የጨመረው በሕዝቡ እንስራ ውስጥ አይደለም፤ ውኃው ወደሚፈልቅበት ስፍራ ወጥቶ ነው። ተአምራትን ለሚያደርግ ነቢይ ከታች ቆሞ መጸለይ በቻለ ነበር። ታቦት የሚያድርበትን ኩሬ ከላይ ጀምሮ መጠበቅ ይህን ነቢይ መከተል ነው እንጂ የእምነት ጕድለት አይደለም።

የሚቀረው ነገር የጊዜውና የድካሙ ነው። ይህን ሁሉ ሸክም በድኻው ገበሬ ላይ ብቻ መጫን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ከብቱን ከኩሬው አትግባ ያልነው ሰው ከብቱን የት ያጠጣ? ስለዚህ አጥር ከማጠር በፊት ከአጥሩ ውጭ ገንዳ መሠራት አለበት፤ ውኃው በባልዲ ተቀድቶ ወደ ገንዳው የሚገለበጥ ከሆነ ደግሞ ተራ ይወጣለት። የልብስ ማጠቢያው ስፍራም ከኩሬው በታች ይሁን፤ እጣቢው ተመልሶ አይገባምና። በኩሬው ዙሪያ የተወሰነ ስፍራ ሳይታረስና ሳይጋጥ ሣር እንዲለብስ ቢተው ሣሩ ደለሉን ይይዛል፤ በመጸውም ለመኖ ይታጨዳል። ይህ የደቦ ሥራ ነው፤ አንድ አጥቢያ በጥቂት ቀናት ይፈጽመዋል፤ የደብሩ አለቃና ካህናቱ ዶማ ይዘው ከወጡ ደግሞ ሕዝቡ ወደ ኋላ አይልም።

ጊዜውን በሚመለከት ግን ብዙ አጥቢያ ይሳሳታል። ስለ ውኃው የሚሰበሰበው ውኃው ቀይ ሆኖ ሲታይ፥ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያን ጊዜ የሚወርደው ወርዷል። የበረቱ አዛባ ተጠርጎ ወደ ማሳ መውጣት ያለበት፥ ቦዩ መቈፈር ያለበት፥ የደረቀው ኩሬ ደለል መዛቅ ያለበት በሚያዝያና በግንቦት፥ መሬቱ ደረቅ፥ ኩሬው ባዶ፥ ዳገቱም ጸጥ ያለ ሆኖ ማንም ስለ ውኃ መበከል በማያስብበት ጊዜ ነው። በዚያ ወራት ዝናብ ዘግይቶ ሕዝቡ ለምሕላ ሲወጣ፥ ከጸሎቱ በኋላ ዶማውና አካፋው እዚያው ቢታደል ወደ ኩሬው ዳገት ለመሄድ ሌላ ቀን መፈለግ አያስፈልግም።